ባሎች ቀትር ላይ የት ይሄዳሉ?

ባለፈው ሳምንት ደጄ ላይ ተቀምጬ ጎመን ስቀነጥስ ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ በሰፈራችን አለፈ። «የፓርላማ አባላችን ክቡር ዶክተር ዴንግ ነገ ጠዋት ከመራጮቻቸው ጋር በጤናና በአካባቢያችን ጉዳዮች ላይ ይወያያሉ!» ይላል። «ክቡር» የምትለዋ ቃል አሳቀችኝ። እኔ የማውቀው ዴንግ ክቡር አልነበረም። ከሲታ፣ ረጅም፣ በገባ በወጣ ቁጥር ግንባሩን ከበሩ መቃን ጋር የሚያጋጭ ወጣት ሐኪም ነበር። አብረን የምንሠራበት ሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ እትዬ ዘነበች «ዴንግዬ፣ ጎንበስ በል እንጂ!» እያለች በየቀኑ ትጮህበት ነበር። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ሆኖ የሰው ነገር ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ሐኪም የነበረ ሰው ፓርላማ ሲገባ ምን ይሆናል? እንደ ድሮው ሰው ሲናገር አፍ አፉን እያየ ያዳምጣል ወይስ ሰዓቱን እያየ? ይህንንማ ሳላይ አልቀርም ብዬ ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ።

ጋምቤላ የመጣሁት ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ሴት ልጅ የናይለን ቀሚስ ለብሳ ነጭ ኮንጎ ጫማ ካደረገች እንደ ሙሽራ የምትታይበት ዘመን ነበር። ከጎሬ ስነሳ እናቴ ብርድ እንዳይመታኝ ብላ የሱፍ ሹራብ አልብሳኝ ነበር። አውቶቡሱ ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር መጀመሪያ ሹራቡን አወለቅሁ፤ ቀጥሎ ሻሼን ፈታሁ፤ የማወልቀው ሲያልቅብኝ ዝም ብዬ ማላብ ጀመርኩ። ከጎኔ የተቀመጠው አስተማሪ «ገና ምን አይተሽ፣ ይህ እኮ ጥላው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ከተማው ያኔ ትንሽ ነው። ማንጎ የሚገዛው እንግዳ ብቻ ነበር፤ የአገሩ ሰው ከዛፉ ሥር ይለቅማል። ክንድ የሚያህል ዓሣ በአንድ ጣሳ ጨውና በባትሪ ድንጋይ ይለወጥ ነበር። ፀሐይዋ በረድ ስትል ከሱዳን የመጡ ካሴቶች በየሻይ ቤቱ ይከፈታሉ። ቃሉን የምናውቅ ጥቂት ብንሆንም ሁላችንም እናንጎራጉር ነበር፤ ደገኛው አስተማሪም፣ አኙዋኩ ዓሣ አጥማጅም፣ ኑዌሩ ወታደርም። ያኔ አዘወትረው የነበረው ሻይ ቤት ዛሬ የሞባይል ካርድና የባጃጅ ጎማ ይሸጥበታል። በሩ ላይ ያለው የኒም ዛፍ ግን እስካሁን አለ፤ በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ።

የተመደብኩት ማዋለጃ ክፍል ነበር። ነፍሰ ጡሮቹ ከሩቅ ይመጡ ነበር፤ ከኢታንግ ወገን በታንኳ፣ ከፑኝዶ በጭነት መኪና ላይ። አንዲት ነፍሰ ጡር ደግሞ ብቻዋን አትመጣም። እናቷ፣ ባሏ፣ ታናሽ እህቷ፣ ልጆቿና ድስቷ ተከትለዋት ይመጣሉ። በግቢው ጥላ ያለው አንድ በረንዳ ብቻ ስለነበር ሁሉም እዚያ ይሰፍራል። ጠዋት በረንዳው ወንድ በወንድ ነው። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ግን የኑዌር ባሎች ማንም ሳይጠራቸው አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ሴቶቹ ድስቱን ሲከፍቱ የሉም፤ ድስቱ ታጥቦ ሲደፋ ብቅ ይላሉ። አንዳቸውም ሲበሉ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ የቀን ሥራ የሚሄዱ መሰለኝ። ቀጥሎ ጠላ ቤት ጠረጠርኩ። ከዚያም፣ ወጣትነት ነውና፣ ሌላ ሴት ይኖራቸው ይሆን ብዬ በማላውቃቸው ሰዎች ላይ ለብቻዬ ተናደድኩ። በመጨረሻ ዶክተር ዴንግን ጠየቅሁት። እሱ የኑዌር ልጅ ነው። በልጅነቱ ደጋ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ስለገባ እኩዮቹ ግንባር ላይ በምላጭ የተሰመረው የጎልማሳነት መስመር እሱ ላይ የለም፤ ሕክምና ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። የጠየቅሁትን ሁሉ ከበሽታ እስከ ወፍ ስም ያስረዳኝ ነበር። ይህን ስጠይቀው ግን የልብ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውርዶ መጠቅለል ጀመረ። «የድሮ ነገር ነው፣ ሲስተር። ተዪው» አለኝ። እኔን ተዪው ማለት ደግሞ ሂጂና ፈልጊ እንደማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ኛማል የምትባል ወጣት ነፍሰ ጡር ከእናቷና ከባሏ ከቱት ጋር መጣች። ቱት ከስቶ የጎድን አጥንቱ ይታያል። እትዬ ዘነበች ከሩቅ ስታየው ትቆይና «ይህ ልጅ አጥቶ እንጂ ጠልቶ አይደለም የማይበላው» ትላለች። ዘነበች እንደኔው የጎሬ ሰው ናት፤ አጠገቧ ያለ ሰው ጦሙን ውሎ እሷ ብትበላ አይወርድላትም። አንድ ቀን ቱት ለሚስቱ ውኃ ሲያመላልስ ቆይቶ ድስት ሲከፈት እዚያው በረንዳው ላይ ተገኘ። ዘነበች ይህን ስትጠብቅ ኖራለች መሰለኝ፣ ከወጡ መልካም መልካሙን በእንጀራ ጠቅልላ፣ ግራ እጇን ከሥር ደግፋ፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለች ወደ አፉ ይዛው ሄደች። ቱት ጉርሻውን አየ። ከማዶ የተቀመጠችውን አማቱን አየ። ከዚያ የበረንዳውን አጥር በአንድ እግሩ ዘሎ ሮጠ። አማቱም በለበሰችው ጨርቅ ፊቷን ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞረች። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ዘነበች እጇን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። «ምን አደረግሁት? እጄ ቆሽሿል እንዴ?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።  እሷ ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለች፤ እኔ ግን ነገሩ ከአማት ጋር የተያያዘ መሆኑን በዚያ ቀን ጠረጠርኩ።

ሳቁ ብዙም አልቆየም። ኛማል ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ከዚያ ግን ደሟ አልቆም አለ። ያኔ እዚህ ደም የሚገኘው ከዘመድ ክንድ ነው። የእናቷ ደም አልገጠመም። ሰዓቱ ደግሞ ቀትር ነበርና ቱት የለም። ዶክተር ዴንግ ሁለቱንም እጁን ሥራ ላይ አድርጎ «ባሏን! ባሏን ፈልጉልኝ!» ይላል። ዘበኛው ወደ ገበያ፣ እኔ በነጭ ገዋኔ ወደ ወንዙ ሮጥን። ከባሮ ዳር፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ ለሐኪም ቤቱ ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡ ወንዶች አገኘሁ። የሆስፒታላችን ባሎች በሙሉ እዚያ ናቸው! አንድ የገንፎ ድስት ከበው ይበላሉ። ሲያዩኝ ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ፊታቸውንም አዞሩ። «ቱት! ኛማል!» ብቻ ነው ማለት የቻልኩት። ቀድሞኝ ደረሰ። ደሙ ገጠመ። ዶክተሩ ግን መርፌውን ክንዱ ላይ እያስገባ፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ፣ «ሚስትህ እየሞተች አንተ ገንፎ ትበላለህ?» ብሎ ጮኸበት። ቱት ክንዱን ዘርግቶ ሚስቱን ያይ ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት አለቀስኩለት፤ እሱ አላለቀሰም።

ኛማል ዳነች። ተደግፋ መቀመጥ ስትችል ጥያቄዬን ይዤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሲስተር፣ ወንድ አማቱ ፊት አይበላም። እናቴ ቱት ሲያኝክ አታይም። ክብር ነው» አለችኝ። «ከራበውስ?» አልኳት። «ይሄዳል።» «ካልሄደስ?» ግራ ገብቷት አየችኝ። «ካልሄደ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ። እንዴት እንደገረመኝ አልነግራችሁም። እኔ ያደግሁበት አገር ሰው የሚወደውን ሰው በእጁ ያጎርሳል፤ እምቢ ያለ እንደ ጠላት ይታያል። እዚህ ደግሞ አማቱን የሚያከብር አፉን ይሸሽጋል። ሁለቱም ያው መዋደድ መሆኑ ነው። ሩጫዬን ወደ ዶክተር ዴንግ ሄጄ የደረስኩበትን ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያነሳ። ለካ ቁጣው ግማሹ እፍረት ኖሯል፤ እኛ ደገኞቹ በወገኖቹ ስንስቅ ጉዳዩ ሲያቃጥለው ከርሟል። «ይህ ነገር ከእኛ ትውልድ ጋር ያልቃል፣ ሲስተር። አንድ ቀን ሁሉም በአንድ ገበታ የሚበላበት ቤት እሠራለሁ» አለኝ። አመንኩት። ወጣት ሐኪም በዚያ ድምፅ ሲናገር ማን ያላምናል!

ዘመን ሄደ። እሱ ሆስፒታል መራ፣ ቢሮ መራ፣ ሕዝብም መርጦ ወደ አዲስ አበባ ላከው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በጀዊና በኩሌ የስደተኞች መጠለያ ክሊኒኮች በኮንትራት ሠራሁ። እዚያም ቀትር ላይ ዞር ብዬ ስቆጣጠር ባሎቹ የሉም፤ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር። ወጣቶቹ ከተማ ውስጥ ሬስቶራንት ሲቀመጡ ይህን ያህል አይጨነቁም። አማት ያለችበት ሲሆን ግን ሞባይል የያዘውም፣ ከረባት ያሰረውም ብድግ ይላል። ኛማልና ቱት ከተማ ገብተው ጎረቤቶቼ ሆነዋል፤ እሷ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ትዘምራለች፣ እኔ ወደ እኔው እሄዳለሁ፣ ስንመለስ መንገድ ላይ እንገናኛለን። በኑዌርኛ ሰላምታ «ማሌ!» ትለኛለች፣ እኔም «ማሌ!» እላታለሁ፣ ከዚያ በየራሳችን አማርኛ ሰው እናማለን።

ባጃጁ ባለፈ ማግሥት ከኛማልና ከቱት ጋር ወደ ስብሰባው አዳራሽ ሄድን። ዶክተር ዴንግ ፀጉሩ ነጥቷል፣ ወገቡም ሰፋ ብሏል። ስለ ወባ ተናገረ፣ በክረምት ጭቃ ስለሚይዛቸው አምቡላንሶች ተናገረ፣ ከፋርማሲ ስለሚጠፋው መድኃኒት ሰው ሲጠይቀው እስኪጨርስ ጠበቀው። ሰዓቱን አላየም፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ነጩ ግድግዳ ላይ የአንድ ቤት ሥዕል በራ። ለሩቅ አገር ነፍሰ ጡሮች ሆስፒታሉ ግቢ የሚሠራ የእናቶች ማቆያ ነው። አልጋው ብዙ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ። «እዚህ» አለ ዶክተሩ፣ ጣቱን አዳራሹ ላይ አድርጎ፣ «እናቶች፣ ባሎችና አያቶች በአንድነት ይመገባሉ።» ሰው አጨበጨበ። እኔ ኛማልን አየኋት። እሷ አላጨበጨበችም።

ልነሳ አሰብኩና ተውኩት፤ እኔ ደገኛዋ ቆሜ የኑዌርን ወግ ለኑዌር ባስረዳ ያምርብኛል? ኛማል ግን ተነሳች። «ዶክተር፣ ቤቱ ቆንጆ ነው። ግን እኔና የልጄ ባል አንድ ላይ አንበላም። አንተ ታውቃለህ። አምና ልጄ ሣራ ከኢታንግ መጣች፣ በኪራይ ቤት ያለው ማቆያ ገባች። አንድ ክፍል፣ አንድ በረንዳ። እኔ አለሁ፣ ባሏ አለ። ውጭ ዝናብ ነው፣ ባሏ የሚበላበት ቦታ አጣ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። እሷ ያለ እሱ አልቀመጥም አለች፣ ተከተለችው። ውኃ ሞላ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ልጁ ሞተ።» ጣቷን ወደ ግድግዳው ሥዕል ዘረጋች። «አሁን ሆዷ ውስጥ ሌላ ልጅ አለ። ይህ ቤት አንድ ገበታ ከሆነ ሣራ አትመጣም» አለችና ሳትቀመጥ ጠበቀችው።

ዶክተሩ ወደ ንግግር ድምፁ ተመለሰ። «እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ነገር ግን ለድሮ ነገር ብለን ግድግዳ ብንሠራ ልጆቻችንም ከግድግዳው ጀርባ ይቀራሉ። ጊዜው ተለውጧል። ይኸው ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ወንዱም ሴቱም፣ አብረን ምሳ እንበላለን፤ ታያላችሁ» አለ። ሰው በከፊል አጨበጨበ። ኛማል ተቀመጠች። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ምሳው እዚያው ተደረደረ፤ እንጀራ፣ ሩዝ፣ የዓሣ ጥብስ። አዳራሹ ውስጥ የአማት ወገን የሌለበት ወንድ ጥቂት ነውና ከወንዶቹ ብዙዎቹ ሳህናቸውን ይዘው ቀስ በቀስ በጓሮ በር ወጡ፤ ቱትም ወጣ። ዶክተሩ ለምሳሌነት ብሎ ነው መሰለኝ ሴቶች በበዙበት መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና እጁን ታጠበ፤ ዓሣውን ቆርሶ ወደ አፉ ሲያነሳ ዋናው በር ተከፈተ። ባለቤቱ ሜሪ እናቷን ደግፋ ገባች። ሁላችንም ማን ቾል፣ የቾል እናት እያልን የምንጠራት አሮጊት ናት፤ አማችሽ ከተማውን ሰብስቦ ይናገራል ሲሏት ከቤቷ ተነስታ መጥታለች። ከፀሐይ ስለገባች ዓይኗ ገና አልለመደም፤ በዱላዋ መሬቱን እየነካች «ዴንግ የት አለ?» አለች።

ክቡርነታቸው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ዓሣው ተመልሶ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ከዚያ ያ ረጅም ሰውዬ ወንበሩን እንኳ ሳያንኳኳ ተነሳና ሳህኑን ኮቱ ውስጥ ከቶ፣ ምግብ በሚያቀርቡት ሠራተኞች መሐል ጎንበስ ጎንበስ እያለ በጓሮ በር ውልቅ አለ።  ቀጥሎ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። ሜሪ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ኛማል አልሳቀችም፤ ወጥታ እንዳታየው ውጭ ወንዶቹ እየበሉ ነው። እኔ ግን መቼም የማላፍር ነኝና ውኃ የምፈልግ መስዬ እስከ ሕንፃው ማእዘን ሄድኩ።

ከቆሙት መኪኖች ጀርባ፣ ጠባቧ ጥላ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ብቻ አየሁ። የዶክተሩ ኮት ከቱት ሸሚዝ አጠገብ ነው፤ ቱት ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቆለታል። ኑዌርኛ ለመስማት ያህል አውቃለሁ። «ብላ፣ ዶክተር። እዚህ የሚያይህ የለም» አለው ቱት። ዶክተሩ ሳህኑን ከኮቱ አወጣ። «ያኔ የጮህኩብህ ነገር...» ብሎ ጀመረ። ቱት አላስጨረሰውም። «ኛማል በሕይወት አለች። ብላ» አለው። ተመለስኩ። ውኃውንም ረስቼው መጣሁ።

ምሳው ተነስቶ ሳህኑ ሲሰበሰብ ዶክተሩ በጓሮ በር ገባ። ወደ አማቱ ሄዶ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ከዚያ ማይክሮፎኑን ያዘ። «ሰው አማቱ እስክትመጣ ድረስ ብዙ ይናገራል» አለ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኑዌርኛ። አዳራሹ ሁለት ጊዜ ሳቀ። ሥዕሉን የሠራውን መሐንዲስ ጠራና ሁለት የመመገቢያ ክፍል፣ ሁለት በር፣ አንዱ ከአንዱ የማይታይ እንዲሆን አድርጎ እንዲሥል ነገረው። መሐንዲሱ አንገቱን አከከ፤ ሥዕሉ እንደገና መጽደቅ አለበት፣ ጊዜ ይወስዳል አለ።

ኛማል ተነሳች። «ዝናቡስ? ዝናቡ ይጠብቃል?» አለች።

ዶክተሩ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። «አይጠብቅም። ሣራ መቼ ትወልዳለች?»

«ዝናቡ ሲጀምር።»

የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ ፈልጎ በዓይኑ አገኘው፤ ሰውየውም ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ቤቱ እስኪሠራ ግቢው ውስጥ ሁለት ድንኳን ይተከላል፣ አንዱ ለሴቶች፣ አንዱ ለወንዶች። ዛሬ ከሰዓት እኔው ቆሜ አስተክላለሁ» አለ።

«በሮቻቸው አይተያዩም?» አለች ኛማል።

«አይተያዩም።»

እሷ ትከሻዋ ላይ ያሰረችውን ጨርቅ አጠበቀች። «ነገ ሣራን አመጣታለሁ» አለችና ተቀመጠች።